የመማሪያ ማዕዘን ብቻውን አያስተምርም

የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በቃላቸው ከሚያጠኑ ይልቅ በእጃቸው እየነኩና እየሠሩ ቢማሩ ይሻላል የሚለውን አሳብ ዛሬ የሚቃወም ሰው እምብዛም አይገኝም። ስለዚህም ክፍሉን ከፋፍሎ በአንዱ ማዕዘን የመቍጠሪያ ጠጠር፣ በሌላው ሚዛን፣ በሦስተኛው ፊደል የተጻፈባቸው ካርዶች አኑሮ ልጆችን በየተራ ማዘዋወር የጥሩ አስተማሪ ምልክት ሆኖ ይቈጠራል። በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ማዕዘኑ በምን ምክንያት እንደሚያስተምር ነው። ይህ ካልታወቀ የአስተማሪውም ድካም፣ የልጁም ሰዓት በከንቱ ያልፋልና።

ለዚህ ምርመራ የዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪን ሥራ መመልከት ይጠቅማል። እኒህ ኢጣሊያዊት ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በሮማ ከተማ፣ ሳን ሎሬንሶ በሚባለው የድኾች ሰፈር፣ የሕፃናት ቤት ከፈቱ። ካዘጋጇቸው ዕቃዎች አንዱ ዐሥር ጕድጓድ የተበሳበት ግንድና በየጕድጓዱ ልክ የተሠሩ ዐሥር ክብ እንጨቶች ናቸው። ልጁ ቀጭኑን እንጨት በሰፊው ጕድጓድ ቢከተው፣ በመጨረሻ አንድ ወፍራም እንጨት ማደሪያ አጥቶ በእጁ ይቀራል። ስሕተቱን የነገረው አስተማሪው አይደለም፤ እንጨቱ ራሱ ነው። ልጁም ማንም ሳያዘው አውጥቶ እንደገና ይሞክራል።

ይህ ሥራ ነቃፊ አላጣም። በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ዊልያም ኪልፓትሪክ በ1914 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ዕቃዎቹ ጥቂትና የተወሰኑ ስለ ሆኑ የልጁን የማሰብ ነጻነት ያጠባሉ፣ ከጓደኞቹም ጋራ ተባብሮ እንዲሠራ በቂ ዕድል አይሰጡም ሲሉ ተችተዋል። ነቀፋው እውነት አለበት። ልጅ በጭቃ በሬ ሲሠራ የሚያገኘውን ደስታ ክብ እንጨት አይሰጠውም። ይሁን እንጂ ኪልፓትሪክ ጕድለት ያሉት ጠባብነት የዕቃው ኃይልም ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ስለሚያቀርብ ስሕተቱ ጎልቶ ይታያል።

ስለ መተባበርም ቢሆን ልጆችን አቀራርቦ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም። በእንግሊዝ አገር በሌዲ ፕላውደን ሰብሳቢነት በ1967 የወጣው ዘገባ ልጆች ራሳቸው እየመረመሩ እንዲማሩ የሚያበረታታ ነበር። ሆኖም ሞሪስ ጋልተንና ባልደረቦቻቸው በክፍሎች ውስጥ ተገኝተው ከተመለከቱ በኋላ በ1980 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ ልጆቹ በቡድን ይቀመጡ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ለየብቻቸው ነበር። ጠረጴዛው ቢገጥምም ሥራው አልገጠመም።

በአገራችን ይህን ለመረዳት የገበጣን ጨዋታ ማሰብ ይበቃል። አንዱ ልጅ ጠጠር ሲዘራ ቢሳሳት ባላጋራው ወዲያው ይይዘዋል። ሁለቱም እጃቸውን ከመስደዳቸው በፊት በልባቸው ይቈጥራሉ። ዕቃው ጠጠርና ጕድጓድ ብቻ ነው፤ ልጁን የሚያተጋው ግን የጨዋታው ደንብና የባላጋራው ዓይን ነው።

ምናልባት «ዕቃ በሌለበት፣ አንድ አስተማሪም ሃምሳ ልጆች በያዘበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አስተማሪው ወደ እያንዳንዱ ልጅ መድረስ ስለማይችል ነው ስሕተትን የሚያሳይ ሥራ ይበልጥ የሚያስፈልገው። ለምሳሌ ለሁለት ልጆች 34 ስንደዶ ይሰጣል። አንደኛው በዐሥር በዐሥር አስሮ ሦስት እስርና አራት ነጠላ ካገኘ በኋላ ቍጥሩን ይጽፋል። ሁለተኛው ፈትቶ ይቈጥራል፤ ካልተስማሙ በካርዱ ጀርባ የተጻፈውን ያያሉ። ወጪው ከምንም አይቈጠርም። ያንኑ ስንደዶ በወረቀት ላይ አጣብቆ ለጎብኚ እንዲታይ በግድግዳ መስቀል ግን ክፍሉን ያስጌጠው እንደ ሆነ እንጂ ለሒሳብ ትምህርት ምንም አይጨምርም። በዚያ ሥራ ልጁ ሊሳሳት አይችልም፤ ሊታረምም አይችልም።

እርግጥ ነው፣ ተረት መንገርን፣ ሥዕልንና ጠባይን የመሰሉ ትምህርቶች በካርድ ጀርባ መልሳቸው አይጻፍም። በነዚህ ጊዜ የማዕዘኑ ጕድለት የሚሞላው በአስተማሪው ጥያቄ ነውና፣ አስተማሪው ሌሎቹን ማዕዘኖች ራሳቸውን እንዲያርሙ አድርጎ ካላዘጋጀ ለዚህኛው የሚተርፍ ጊዜ አያገኝም።

ስለዚህ ለመምህርነት ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ የምንወጣ ተማሪዎች የማዕዘኖቹን ብዛትና የዕቃዎቹን ቀለም ከመመዝገባችን በፊት አንድ ነገር እንመልከት፤ ልጁ እዚህ ቢሳሳት ማን ይነግረዋል? ለዚህ መልስ የሌለው ማዕዘን ተነሥቶ፣ አስተማሪው ያንኑ ሰዓት በጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ቆሞ ልጆቹን እየጠየቀ ቢያሳልፈው የተሻለ ነው።