ስለ ተሸላሚ ወታደሮች የጥንት ፎቶግራፍ አሰባሰብ፤ አጭር ትችት

በአቃቂ ቃሊቲ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱሳን ሥዕል አጠገብ፣ የአያት ወይም የቅድመ አያት ፎቶግራፍ በመስተዋት ተከቶ ይታያል። ሰውየው ለምድ ደርበው፣ ጎራዴ ታጥቀው፣ ደረታቸው ላይ ኒሻን ደርድረው ቆመዋል። እንግዳ «ማን ናቸው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ዐድዋ የዘመቱት አያታችን ናቸው» ይባላል። አቃቂ ባቡርና ፋብሪካ ከየአገሩ ሰው ያሰባሰቡባት ከተማ ስለ ሆነች፣ ፎቶግራፉ እንደ ባለቤቶቹ ከትውልድ አገሩ ርቆ ይኖራል፤ ታሪኩን የሚያርም ጎረቤት አይገኝም።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ በስልክ እያነሡ የሚያሠራጩ፣ ገዝተውም የሚያከማቹ አሉ። ትጋታቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አሰባሰባቸው አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ጌጡን ይሰበስባሉ እንጂ ሰውየውን አይሰበስቡም።

በመጀመሪያ የዘመኑን ነገር እንመልከት። የዐድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወራት በአገራችን ካሜራ የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ከነዚህ አንዱ የዐፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነው። የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ የሆነው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የመጣው ከድሉ በኋላ ነው። ስለዚህ የዐድዋ ዘማች ፎቶግራፍ ሁሉ በዐድዋ ዘመን የተነሣ አይደለም። ለዚህ ኒሻኑ ራሱ ምስክር ነው። የዐፄ ዮሐንስ የሰሎሞን ማኅተም ኒሻን ከዐድዋ በፊት የቆመ ሲሆን፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን ግን የቆመው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው። የ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ሜዳይ ደረቱ ላይ ያለ ሰው ፎቶግራፉን የተነሣው ከጦርነቱ 35 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ሰውየው በእውነት ዘምተው ይሆናል፤ «ከዐድዋ እንደ ተመለሱ የተነሡት ነው» ማለት ግን ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፣ ልብስ ብቻውን ምስክር አይሆንም። በ1860 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ ከተወሰደ በኋላ፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ፎቶግራፍ አንሺ ልዑሉንና ጠባቂውን ካፒቴን ስፒዲን አንሥታለች። ስፒዲ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ፣ ጦር ጨብጦ የተነሣበት ፎቶግራፍ አለ። ስሙ ባይጻፍ ኖሮ፣ ልብሱን ብቻ የሚያይ ሰው የእኛን ባላባት ፎቶግራፍ ያገኘ ሊመስለው ይችል ነበር።

ሦስተኛውና ዋናው የስም ነገር ነው። መቅደላን ለወጉት ወታደሮች የእንግሊዝ መንግሥት በሰጠው ሜዳይ ጀርባ ላይ የያንዳንዱ ተሸላሚ ስም ተጽፎበታል። በዚያ አገር ሰብሳቢው ሜዳዩን ከመዝገቡ፣ መዝገቡን ከፎቶግራፉ ጋራ እያስተያየ ተራውን ወታደር ሳይቀር በስሙ ይጠራዋል። የእኛ ጀግና የተሸለመው ለምድና የብር ቢተዋ ግን ስም አልተጻፈበትም። ማን እንደ ሸለመው፣ በየትኛው ዘመቻ ምን ሠርቶ እንዳገኘው የሚታወቀው በቤተ ሰቡ አፍ ብቻ ነው። ፎቶግራፉ ከቤቱ ወጥቶ ሲሸጥ ይህ ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ በሥሩም «ኢትዮጵያዊ ጦረኛ» የሚል ቃል ይጻፍበታል። አንድን ሰው በስሙ ሳይሆን በጌጡ መጥራት ሽልማቱን እንደ መግፈፍ ይቈጠራል።

«የቤተ ሰብ ወሬ ማጋነን ይበዛበታል» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ወሬውን መተው ሳይሆን የቤተ ሰቡን ቃል እንደ ቃላቸው ጽፎ፣ ኒሻኑና ልብሱ የሚመሰክሩትን ለብቻው ማስፈር ነው። ሁለቱ ሲስማሙም ሲጣሉም ለታሪክ ተማሪ ይጠቅማሉ።

ስለዚህ ተማሪ ሁሉ ፎቶግራፉን ከተሰቀለበት ሳያወርድ ግልባጩን ያንሣ፤ የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ ትውልድ አገሩን፣ የሸለመውን አለቃ፣ የነገረውንም ሰው ማንነት ይጻፍ። ይህን የሚነግሩን ሽማግሎች ከዓመት ወደ ዓመት እያነሱ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን፤ እኛ ሳንጠይቅ ከቀረን ግን ከመቃብር በላይ የሚውለው ለምዱ ብቻ ነው።