ስለ ውክፔዲያ የጽሑፍ ዘመቻዎች በጀት የቀረበ ሒስ

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ድርሰት፥ ብዙ ሰው ድርሰት ብሎ የማይቈጥረው የበጀት ማመልከቻ ነው። ይኸውም በጎ ፈቃደኞች በተወሰነ ቀን ወይም ሳምንት በኢንተርኔት አማካይነት ተገናኝተው ውክፔዲያ በተባለው ነጻ መዝገበ ዕውቀት ላይ የሚጽፉበትንና የሚያርሙበትን ዘመቻ ለማካሄድ ገንዘብ የሚጠየቅበት ወረቀት ነው። ለዚህ ዐይነቱ ሥራ በብዛት ገንዘብ የሚሰጠው መሥሪያ ቤቱ ሳን ፍራንሲስኮ የሆነው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ነው፤ ማመልከቻዎቹም ማንም ሰው ሊያነባቸው በሚችልበት ገጽ ላይ ስለሚቀመጡ ለተማሪ ጥናት የተመቹ ናቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የእነዚህ ማመልከቻዎች ዋና ጕድለት፥ እኔ እንደሚመስለኝ፥ ገንዘቡን ሁሉ በዘመቻው ቀን ላይ ማፍሰሳቸው ነው።

ልማዱ ረዥም ዕድሜ የለውም። ውክፔዲያ የተጀመረው በጥር 2001 ሲሆን፥ ዐሥረኛ ዓመቱ በተከበረበት በጥር 2011 በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ከተደረገው ስብሰባ ወዲህ ዘመቻው እየተስፋፋ ሄደ። በ2014 ኒው ዮርክ ላይ የተጀመረው አርት ፕላስ ፌሚኒዝም የተባለው እንቅስቃሴ፥ ስለ ሴቶች ሠዓልያን የተጻፈው ነገር ማነሱን ተመልክቶ በአንድ ጊዜ በብዙ ከተሞች ሰው አሰባሰበ። በመጋቢት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ፋውንዴሽኑ ሰው በአካል ለሚገናኝበት ስብሰባ ገንዘብ መስጠቱን ባቆመ ጊዜ፥ ዘመቻዎቹ ከአዳራሽ ወጥተው ወደ ኢንተርኔት ገቡ። ከ2021 ወዲህም ለትንንሽ ሥራዎች ከ500 እስከ 5,000 ዶላር የሚሰጥበት ፈጣን ፈንድ ተዘጋጅቷል፤ አንድ የተማሪዎች ክበብ ሊጠይቅ የሚገባውም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ዝርዝሩ እንግባ። የአዳራሽ ኪራይ፥ ምሳ፥ ሻይ ቡና፥ ካናቴራ፥ ባነር፥ ሽልማት፥ የአሠልጣኝ አበል፥ የሞባይል ዳታ፤ ቅደም ተከተሉ ይለያይ እንጂ ዐይነቱ አንድ ነው። አንዳንድ ተቺዎች በምሳውና በሻይ ቡናው ይቀልዳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በአገራችን ደቦ የጠራ ገበሬ ጠላውንና ምግቡን ሳያዘጋጅ ጎረቤቱን ለአጨዳ አይጠራም፤ ቢጠራም ስሙ አይነሣም። ምግቡ ግን ደመወዝ አይደለም። ያሰረው ነዶ ተቈጥሮ በልኩ የሚበላ አጫጅ የለም፤ የሚበላው መጥቶ ስለ ሠራ ነው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛ ቡና ቢጠጣ ወይም ለሥራው ያወጣው የዳታ ዋጋ ቢመለስለት በጎ ፈቃደኝነቱን አያፈርስበትም። ፋውንዴሽኑም ቢሆን ጽሑፍ ለሚጽፈው ሰው ስለ ጻፈ እንዲከፈለው አይፈቅድም፤ ለመጻፍ ያወጣውን ግን መተካት ይቻላል።

ችግሩ የሚነሣው ደቦው ወደ ውሎ አበል ሲለወጥ ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየድርጅቱ ስብሰባ ማለት አበል ማለት ከሆነ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ መቼም ይህን የማያውቅ አንባቢ የለም። ዳታ ተብሎ የተጻፈው ገንዘብ የዳታውን ዋጋ ሦስት እጥፍ ከሆነ፥ ስሙ ዳታ ይሁን እንጂ ግብሩ አበል ነው። አበል ፈልጎ የመጣውም ሰው አበሉ ባለቀበት ዕለት ይሄዳል። ሽልማቱም ከዚህ ብዙ አይለይም። ብዙ ጽሑፍ ለጻፈ ስልክ እንሰጣለን ሲባል፥ ተወዳዳሪው ሁለት ዐረፍተ ነገር ያለው ጽሑፍ ሠላሳ ጊዜ ቢጽፍ ደንቡን አክብሯል፤ ጥፋቱ የደንብ አውጪው ነው።

ደግሞ ደቦ በአጨዳ አያበቃም። የታጨደው ሳይከመር፥ የተከመረው ሳይወቃ፥ የተወቃውም ጎተራ ሳይገባ ዝናም ከደረሰበት፥ የዚያን ቀን ጭፈራና ጠላ ሁሉ ከንቱ ነው። በማመልከቻዎቹ ውስጥ የማጣው የውቂያውን በጀት ነው። ለጀማሪው ጽሑፉን አይቶ ምንጭ እዚህ ጐድሎሃል የሚለው ማን ነው? ርእሱ በፀ፥ በጸ፥ በሐ ወይም በሀ ሲጻፍ እየተለያየ ስለ አንድ ነገር ሁለት ጽሑፍ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ማን ነው? ከሦስት ወር በኋላስ የቀረውንና የተሰረዘውን የሚቈጥረው? በበጀቱ ስማቸው ስለሌለ በሥራውም አይገኙም፤ ወይም ዕዳው ሳይነገረው በሌላ ሰው ላይ ይወድቃል።

ዕዳው እንዴት እንደሚወድቅ በ2011 በሕንድ አገር በፑኔ ከተማ ታይቷል። ፋውንዴሽኑ ራሱ በከተማይቱ ኮሌጆች የብዙ መቶ ተማሪዎችን ሥራ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ አስጀመረ፤ ዳሩ ግን ከመጻሕፍትና ከድረ ገጾች እንዳለ የተገለበጠው ጽሑፍ እጅግ ስለ በዛ ሙከራው በዚያው ዓመት ተቋረጠ። ያን ሁሉ እያመሳከሩ የሰረዙት፥ ስለ ሙከራው ማንም ያላማከራቸው፥ ከየአገሩ የተገኙ ልምድ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እንግሊዝኛው ብዙ አራሚ ስላለው ጥፋቱ በወራት ታወቀ። የስኮትስ ቋንቋ ውክፔዲያ ግን አራሚው ጥቂት ነውና፥ ቋንቋውን በቅጡ የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ለዓመታት በሺሕ የሚቈጠሩ ጽሑፎች እንደ ጻፈበት የተገለጠው በ2020 ነው። የዐማርኛው ውክፔዲያ 15,000 ገደማ ጽሑፎች አሉት፤ በአራሚ ብዛት ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል መናገር አያስፈልገኝም። ተማሪ የቤት ሥራውን ሲሠራ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንኑ ስለ ሆነ፥ በአንድ ቅዳሜ በችኰላ የተዘራው ስሕተት ወደ ደብተሩ፥ ከደብተሩም ወደ ሌላው ይሄዳል።

ስለ መለኪያውም ጥቂት ልበል። በዘመቻው መጨረሻ ስንት ሰው፥ ስንት ጽሑፍ፥ ስንት ባይት እንደ ተጨመረ በሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ገንዘቡን ለባይቱ አካፍሎ ርካሽነቱን የሚያሳይ ሪፖርት ይጻፋል። የግእዝ ፊደል በኮምፒዩተር በተለመደው አጻጻፍ አንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ሲሆን ዘጠኝ ባይት ነው፤ ይኸው ቃል በላቲን ፊደል ቢጻፍ አምስት ባይት ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ዐማርኛ ጸሓፊ ብዕሩን ሳያተጋ በሰሌዳው ላይ ከሌላው በልጦ ይታያል። በዚህ ቍጥር የሚኰራ አስተባባሪ ፊደላችን ያበረከተለትን ለራሱ ይቈጥራል። ቍጥር አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ከሦስት ወር በኋላ ስንቱ ጸሓፊ ዛሬም እየጻፈ ነው፥ ስንቱ ጽሑፍ ምንጭ አለው የሚለውም ቍጥር ነውና።

ለምሳሌ ያህል 20 ሰዎች የሚሳተፉበትን፥ 1,500 ዶላር የተጠየቀበትን ዘመቻ እናስብ፤ አኃዞቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። በተለመደው አከፋፈል 500 ለአዳራሽና ለምሳ፥ 350 ለካናቴራና ለባነር፥ 300 ለሽልማት፥ 200 ለአሠልጣኝ፥ 150 ለዳታ ይሆናል። እኔ ብሆን ዘመቻውን በስድስት ሳምንት ላይ እዘረጋዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው በሳምንት 2 ዶላር ዳታ 240 ይሆናል። 400 ለሁለት ልምድ ያላቸው መካሪዎች፤ እነዚህ ራሳቸው አይጽፉም፥ የጀማሪውን ጽሑፍ አንብበው ጕድለቱን ይነግሩታል እንጂ። 260 ለመጻሕፍት መግዣና ለፎቶ ኮፒ፤ ስለ አገራችን የተጻፈው ብዙው ነገር ዛሬም የሚገኘው በኢንተርኔት ሳይሆን በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ስለ ሆነ ይህ መስመር ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። 300 በአካል ለሚገናኙባቸው ሁለት ቀናት፥ 150 ከሦስት ወር በኋላ ለሚደረገው ክለሳ፥ 150 ለመጠባበቂያ። ካናቴራ የለም። ካናቴራ የሚወዱ ጓደኞች ይቀየሙኝ ይሆናል።

መጠባበቂያውን እንደ ትርፍ የሚያዩት አሉ። ሐምሌ 29 ቀን 2024 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ባወጀ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት 1,500 ዶላሩን በ57 ብር መንዝሮ 85,500 ብር ባንክ ያስቀመጠ ክበብ፥ ዕቃው ሲወደድ ገንዘቡ ባለበት ቆሞ ጠበቀው። ስለዚህ በጀቱ የተሠራበት ምንዛሪና ቀን፥ የእያንዳንዱም ዕቃ ዋጋ ከየት እንደ ተገኘ ሊጻፍ ይገባል። በሐምሌ 2020 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰውም፥ ዘመቻው የሚተላለፍበትን ሁለተኛ ቀን በዕቅዱ ውስጥ ያስገባል።

ጥፋቱን ሁሉ በአመልካቹ ላይ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ነው። ቅጹ ስንት ተሳታፊ፥ ስንት አዲስ ጸሓፊ፥ ስንት ጽሑፍ ብሎ ይጠይቃል፤ አመልካቹም የተጠየቀውን ይመልሳል። ገንዘብ ሰጪው ከዘመቻው በኋላ ላለው ሥራ የበጀት መስመር እንዲመደብ አስቀድሞ ቢጠይቅ፥ መስመሩ በየበጀቱ ይበቅል ነበር። እስከዚያው ግን ማንም ሳይጠይቀው ይህን መስመር የሚጽፍ አመልካች የሚከለክለው ደንብ የለም።

በመጨረሻ ገንዘብ የማያስፈልገው፥ ነገር ግን ዘመቻን ከምሳ ሰዓት በፊት የሚያፈርስ አንድ ነገር አለ። ውክፔዲያ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በአንድ ቀን ከስድስት በላይ አዲስ ስም እንዲመዘገብ አይፈቅድም። 20 ሰው በአንድ አዳራሽ በአንድ መስመር ቢገባ ሰባተኛው ይመለሳል፤ በየቤቱ ሆኖ በሞባይል የሚገባውም ቢሆን፥ ስልክ ድርጅቶች ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ስለሚያስተናግዱ፥ ከማያውቀው ሰው ጋራ ተቈጥሮ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ተሳታፊዎች ከሳምንት በፊት እያንዳንዳቸው እንዲመዘገቡ ማድረግ፥ ወይም ገደቡ ለዚያ ቀን እንዲነሣ አስቀድሞ ማመልከት ያሻል፤ ይህን የሚከታተለው ሰው ስምም በማመልከቻው ላይ ከገንዘብ ያዡ ስም ቀጥሎ ይጻፍ።