በእናት የተቆጠረ ዘር

እኛ ዘር የምንቆጥረው በአባት ነው፤ በእናት በኩል ሰባት ቤት የሚዘልቅ ሰው ብዙ አላየሁም። የእንግሊዙን ንጉሥ የሪቻርድ ሦስተኛን አጽም ካሳወቁት ማስረጃዎች ጠንካራው ግን የእናት ሐረግ ነበር፤ ያውም አሥራ ሰባት ትውልድ።

ሪቻርድ በ1485 እ.ኤ.አ. በቦስዎርዝ ጦር ሜዳ ወደቀ፤ በ2012 አጽሙ ሌስተር ከተማ ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ሥር ወጣ። ብዙ የተወራው ስለ ላቦራቶሪው ነው። እኔን እጄን በአፌ ያስጫነኝ የመዝገቡ ሥራ ነው።

ማይቶኮንድሪያዊ ዲኤንኤ ከእናት ብቻ ይወረሳል፤ ወንድ ይወርሰዋል እንጂ አያወርስም። ስለዚህ ከንጉሡ እህት ከአን ተነስቶ ሴትን በሴት መከተል ግድ ሆነ። የመጀመሪያው ቋጠሮ ዊንዘር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ፤ እናቲቱ አን ከባሏ ጋር በሰሌዳ ተቀርጻለች፣ ሴት ልጇም እዚያው ከነባሏ በድንጋይ ተጠርባ ተጋድማለች። ከዚያ በታች ነው ጭንቁ። ባርባራ ቾምሊ ባርባራ ቤላሲስን ትወልዳለች፤ እሷ ባርባራ ስሊንግስቢን፣ ያቺም ባርባራ ታልቦትን። የመጠሪያ ስሙ አንድ ነው፤ የቤተሰብ ስሙ በየጋብቻው ይለወጣል። አባት ሁለቴ አግብቶ ከሆነ ደግሞ ልጅቷ የየትኛዋ ሚስት እንደሆነች መረጋገጥ አለበት። አንዲት እንጀራ እናት በስህተት ከገባች የታችኛው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

የታሪክ ተመራማሪው ጆን አሽዳውን-ሂል ይህን መስመር ከቁፋሮው በፊት ዘርግቶት ነበር። የሌስተር ዩኒቨርሲቲው ኬቨን ሹረርና ባልደረቦቹ ግን አምነው አልተቀበሉትም፤ እያንዳንዱን ቋጠሮ በሰነድ እንደገና ፈተሹ፣ ሁለተኛ መስመርም አገኙ። ከዚያ ቱሪ ኪንግ የመራችው የዲኤንኤ ምርመራ መጣ። ከማይቶኮንድሪያዊው ዲኤንኤ 16,569 ፊደላት በመጀመሪያው መስመር ጫፍ ያለው የማይክል ኢብሰን ከንጉሡ ጋር ሙሉ በሙሉ ገጠሙ፤ በሁለተኛው መስመር ያለችው የዌንዲ ዱልዲግ በአንዲት ፊደል ብቻ ተለዩ።

የአባት መስመሩ ግን አልገጠመም። በመዝገብ ከንጉሡ ጋር የአንድ ዘር የተባሉት አምስት ወንዶች፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞማቸው ከንጉሡ የተለየ ሆነ፤ የሆነ ትውልድ ላይ አባት ተብሎ የተጻፈው ሰው አባት አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ይህንንም ሳይሸሽጉ በ2014 አሳተሙት። ለእኔ የባለሙያ ልኩ ይኸው ነው።

ማይክል ኢብሰን በሙያው የቤት ዕቃ ሠሪ አናጢ ነው። የንጉሡን የሬሳ ሣጥን ከእንግሊዝ ኦክ እንጨት በገዛ እጁ ሠራ፤ ሪቻርድም መጋቢት 26 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በሌስተር ካቴድራል በዚያው ሣጥን ተቀበረ።