ጭሱን የከፈልኩበት ቤት

ላስታ ውስጥ የውርስ ቤት ክፍፍል በሽማግሌ ያልቅና መጨረሻው ግንበኛ እጅ ላይ ይወድቃል። ሽማግሌዎቹ «ለሁለት ይከፈል» ብለው መርቀው ይነሣሉ። የእርሻ መሬት ከሆነ ገመድ ጥሎ መከፋፈል ነው። የላሊበላ የድሮ ቤት ግን ክብ ነው፤ ገመዱን ከየትኛው ጥግ ታስረዋለህ?

ቤቱ ባለ ደርብ ነው። ምድር ቤቱ ለከብት፣ ደርቡ ለሰው፣ ደረጃው በውጭ በኩል፣ ክዳኑ ሳር። ድንጋዩ ቀይ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ከተፈለፈሉበት ዓለት ጋር የሚዛመድ፣ ለመሮ የማያስቸግር። የሚያያዘው በጭቃ ነው። ግድግዳው በውጭና በውስጥ ሁለት ፊት አለው፤ መሃሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል። ሁለቱን ፊት አያይዞ የሚይዝ ረጅም ድንጋይ በየመሃሉ ካልገባ፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ግድግዳው ሆድ ያወጣል። ከውጭ ሲታይ ግን ያምራል። ክፉ ግንበኛን የሚያጋልጠው ዝናብ ነው።

ጀማሪ ግንበኛ ሳለሁ ለአንድ ወንድምና እህት እንዲህ ያለ ቤት ከፈልኩ። ደርቡን በብሎኬት መሃል ለመሃል አቋረጥኩትና፣ እንዳይተያዩ ብዬ ግድግዳውን እስከ ሳሩ ድረስ ወሰድኩት። ቱንቢዬ ቀጥ ያለ ነበር፤ በራሴ ኮራሁ። ምድጃው በእህትየው በኩል ቀረ። ወንድምየው ደጅ ነበር የሚያበስለው።

በሦስተኛው ክረምት አስጠሩኝ። በእሷ በኩል ሳሩ በጥላሸት ጠቁሮ ደረቅ እንዳለ ነው። በእሱ በኩል እጄን ሳስገባ ረጥቦ፣ በስብሶ ወጣልኝ፤ ወራጁንም ነቀዝ ዱቄት አድርጎታል። አሮጊቷ እናታቸው ከመደቡ ላይ ሆነው «ልጄ፣ ጭሱንም ከፈልክባቸው እኮ» አሉኝ። «እውነትዎን ነው፣ እማማ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ዓይን ያቃጥላል ብለን የምናማርረው ጭስ ለካ ሳሩን ሲያደርቅ፣ ተባዩን ሲያባርር ኖሯል።

ዛሬ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ደረጃውን ነው። በውጭ በኩል ስለሆነ ቤቱ ድሮውኑ ላይና ታች ተከፍሏል። ከብቶቹ ወደ በረት ከወጡ ምድር ቤቱ አንድ ቤት፣ ደርቡ ሌላ ቤት ይሆናል፤ ግድግዳው ሳይነካ። እርግጥ ምድር ቤቱ ጨለማ ነው፣ በሩም ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ «ማን ታች ይሁን» የሚለው ጠብ አይቀርም። እሱን ለሽማግሌ እተዋለሁ።

አዲስ በር የግድ ከሆነ ከታች አልጀምርም። መጀመሪያ በውጭው ፊት ለጉበኑ የሚሆን ቦታ ብቻ ፈልፍዬ እንጨቱን አስገባለሁ፤ ከላዩ ያለውን ክፍተት በጠጠርና በጭቃ ጠቅጥቄ አሳድራለሁ። ቀጥሎ የውስጡን ፊት እንዲሁ። ጭቃው ሲጠነክር ነው ከሥር ያለውን ድንጋይ የማነሣው። ባለቤቶቹ ሲሚንቶ ጨምርበት ይላሉ፤ እምቢ እላለሁ። ጭቃ የጠጣውን ውሃ መልሶ ይተፋል፤ ሲሚንቶ ይዘጋበታል።

የዚያን የወንድምና የእህት ቤት የብሎኬት ግድግዳ ከሰው ቁመት በላይ ያለውን አፈረስኩት። ሳሩንም በወንድምየው በኩል አዲስ አለበስኩ። ገንዘብ አልተቀበልኩም።