ተጋጣሚው ስልት ሲኖረው፦ በሆንግ ኮንግ የፍልሚያ ፊልም የሌላው ወገን ጥበብ

እኛ ዘንድ በጥቅሉ «የካራቴ ፊልም» ሲባል በኖረው የሆንግ ኮንግ ሲኒማ ውስጥ፣ ካራቴ አብዛኛውን ጊዜ የጠላት ጥበብ ነው። ጀግናው የኩንግፉ ሰው ነው፤ ካራቴው ሊሸነፍ የመጣ ነው። ይህ ድልድል ከታሪክ ቁስል የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም። ጃፓን በ1937 ቻይናን በሙሉ ኃይሏ መውረሯን፣ ሆንግ ኮንግን ራሷንም ከ1941 እስከ 1945 ይዛ መቆየቷን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያላገናዘበ ተመልካች የእነዚህን ፊልሞች ቁጣ ሊረዳው አይችልም። እዚህ የሚመረመረው ግን የቁጣው ተገቢነት አይደለም። የጠላት ስልት ባዶ ሆኖ ሲቀርብ የጀግናው ስልት ምን ይሆናል? የተጋጣሚውን ጥበብ የሚያራቁት ፊልም የጀግናውንም ጥበብ አብሮ ይጋርዳል ብዬ እከራከራለሁ፤ ተመልካቹ የሚያየው ጉልበትና ቂም ይሆናል እንጂ ስልት አይሆንም።

የፍልሚያ ስልት የእንቅስቃሴዎች ክምችት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ችግር ባልተፈጠረ ነበር። ስልት ግን ለተወሰነ ችግር የተገኘ መፍትሔ ነው። ለምሳሌ ዊንግ ቹን የተባለው የኩንግፉ ስልት በጣም ተቀራርቦ ለሚደረግ ፍልሚያ የታሰበ ነው፤ የሰውነትን መሐል መስመር ይጠብቃል፣ በአንድ ጊዜ እየመከተ ይመታል፣ ከረጅም ውርወራ ይልቅ አጭርና ተከታታይ ቡጢን ይመርጣል። የዚህ ሁሉ ጥቅም የሚታየው ርቀትን የሚወድ፣ በረጅም ምት የሚያጠቃ ተጋጣሚ ፊቱ ሲቆም ነው። ዶኒ የን በተወነበትና ሳሞ ሀንግ ፍልሚያዎቹን ባቀናበረው «ኢፕ ማን» (2008) ውስጥ የተጋጣሚው ስልት የሚታይበትም፣ ባዶ ሆኖ የሚቀርብበትም ትዕይንት ጎን ለጎን ይገኛል። ከሰሜን የመጣው ጂን ሻንዣኦ የዊንግ ቹኑን መምህር ኢፕ ማንን በገዛ ቤቱ ሲገጥመው፣ የሰሜኑ ሰው ክንዱን ዘርግቶ በሰፊው ያጠቃል፤ ኢፕ ማን ቦታ ሳይቀይር፣ ዕቃ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀ፣ ምቱን ከመነሻው ያፍነዋል። ጂን ሰይፍ ሲያነሳ ኢፕ ማን የሚመልስለት በላባ መጥረጊያ ነው። ዊንግ ቹንን የማያውቅ ተመልካች እንኳ ከዚህ ትዕይንት ስለ ርቀትና ስለ ጊዜ አጠባበቅ የሚገባው ነገር አለ። በዝነኛው ትዕይንት፣ ኢፕ ማን አሥር የካራቴ ሰዎችን ሲጥል ግን ከአሥሩ አንዱም ስለ ካራቴ የሚነግረን ነገር የለም። ይመጣሉ፣ ይሰበራሉ። ትዕይንቱ ልብ ይነካል፤ የተገደለ ወዳጅ ሐዘን አለበት። ዊንግ ቹን ግን እዚያ ውስጥ ጠፍቷል፤ በወደቀ ሰው ላይ የሚዘንበው ቡጢ የየትኛውም ስልት ሊሆን ይችል ነበር።

ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት የወጣው «የቁጣ ቡጢ» (1972) የዚህ አቀራረብ አባት ነው። ሎ ዌይ ባዘጋጀው በዚህ ፊልም ብሩስ ሊ የተጫወተው ቼን ዠን የተባለ ልብ ወለድ ሰው ነው፤ መምህሩ ሁዎ ዩዋንጂያ ግን በእውን የኖረ፣ በ1910 ሻንጋይ ውስጥ ከተመሠረተው የጂንግ ዉ ማኅበር ጋር ስሙ የተያያዘ ሰው ነው። ቼን ዠን ብቻውን ወደ ጃፓኖቹ ማሠልጠኛ ገብቶ ክፍል ሙሉ ተማሪዎችን ሲደበድብ በእጁ የሚሽከረከረው ኑንቻኩ ነው፤ ይህ መሣሪያ ደግሞ በሰፊው የሚታወቀው የካራቴ አገር በሆነችው በኦኪናዋ የመሣሪያ ወግ ነው። የቻይና ክብር የሚመለሰው ከጠላት ጎራ በመጣ መሣሪያ መሆኑ ለፊልሙ ምንም አላስጨነቀውም፤ ስልቶቹ የሰንደቅ ዓላማ ምትክ ሆነዋልና ማን ምን እንደያዘ መመርመር አላስፈለገም።

ስልቱ ከጥበቡ ሳይሆን ከተሰጠው ቦታ ጠባዩን እንደሚያገኝ የሚያረጋግጠው ደግሞ የጃፓን ሲኒማ ራሱ ነው። አኪራ ኩሮሳዋ በ1943 በሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ «ሱጋታ ሳንሺሮ» ውስጥ ጀግናው የጁዶ ሰው ነው፤ በ1945ቱ ተከታይ ፊልም ለቂም የሚመጡት ወንድማማቾች የካራቴ ሰዎች ናቸው፣ አንዱም እንደ እብድ አውሬ የተሳለ ነው። ካራቴ በዋናው የጃፓን ምድር መታወቅ የጀመረው ጊቺን ፉናኮሺ በ1922 ቶኪዮ ላይ ካሳየው በኋላ ስለሆነ፣ ለዚያ ዘመን የጃፓን ተመልካች ገና የሩቅ ሰው ጥበብ ነበር። በሆንግ ኮንግ የጃፓን ሁሉ መገለጫ የሆነው ካራቴ በጃፓን ፊልም እንደ እንግዳ ተቆጥሯል።

ብሩስ ሊ ራሱ ይህን ገደብ ያየው ይመስለኛል። በዚያው በ1972 ጽፎ ባዘጋጀው «የዘንዶው መንገድ» ውስጥ የሮሙ ኮሎሲየም ፍልሚያ ከ«የቁጣ ቡጢ» በእጅጉ ይርቃል። ተጋጣሚው ቸክ ኖሪስ በእውነቱም የካራቴ ሻምፒዮን ነበር፤ ፊልሙም እንደዚያው ያከብረዋል። ጀግናው መጀመሪያ ይደበደባል፣ ይወድቃል፣ ከዚያ የእግር እንቅስቃሴውን ይቀይራል። እንደ ሁኔታው መቀየር የሊ የፍልሚያ እምነት ዋና ሐሳብ ነበር፤ ያ ሐሳብ በሥዕል ሊገለጥ የቻለው ቀድሞ የሚያሸንፈው ካራቴ ስለነበረ ነው። በመጨረሻም ገዳዩ የሟቹን ልብስና ቀበቶ አንስቶ ሬሳውን ያለብሳል።

ነገሩን እስከ ዳር የወሰደው ግን ላው ካር ሌዩንግ ነው። አባቱ የሁንግ ጋር ስልትን የተማረው ከላም ሳይ ዊንግ ነበር፤ ላም ደግሞ የዎንግ ፌይ ሁንግ ደቀ መዝሙር ነው። ላው ወደ ዳይሬክተርነት ሲመጣ ስልትን እንደ ማስጌጫ ሊያየው አልቻለም። «የምሥራቅ ጀግኖች» (1978) ጎርደን ሊው የሚጫወተው ቻይናዊ ጃፓናዊት ያገባበት ታሪክ ነው። ባልና ሚስት የማን አገር ጥበብ ይበልጣል በሚል ይጣላሉ፤ እሷ ወደ አገሯ ትሄዳለች። እንድትመለስ ብሎ የላከላት የግጥሚያ ደብዳቤ በጃፓን የጥበቡ ባለቤቶች እጅ ሲገባ እንደ ስድብ ይነበባል። የተሰደቡት ተሰብስበው ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ በየራሱ ጥበብ ይገጥመዋል። ሰይፍ በሰይፍ፣ ጦር በጦር ይመጣጠናሉ፤ ሁለቱ ሰይፎች የተለያየ ቅርጽ ስላላቸው የሚጠይቁት አካሄድም የተለያየ መሆኑ በግልጽ ይታያል። የካራቴው ሰው ቀጥተኛና ከባድ ምት ያስጨንቀዋል፤ ለዚህም የሰካራም ቡጢን ሊማር ይነሳል። የስልቱ ባለቤት፣ ራሱ ዳይሬክተሩ የተጫወተው ሽማግሌ፣ አያስተምርም፤ ስለዚህ ሰዎች እየተነኮሱት ሲጣላ ወጣቱ ቆሞ በዓይኑ ይቀስማል። የመጨረሻው ተጋጣሚ ያሱአኪ ኩራታ በሸርጣን ስልት ሲመጣ መልሱ የወፍ ስልት ነው፣ የሸመላ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ሰው አይሞትም። በአንድ ፊልም ውስጥ ይህን ያህል የጃፓን ጥበብ ይህን ያህል በጥንቃቄ የታየበት የሆንግ ኮንግ ሥራ አላውቅም፤ የቻይናውም ጥበብ ያን ያህል ብዙ ፊት ያሳየበት ሌላ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ፊልም የተገናኙት በአጋጣሚ አይደለም።

«ፊልም የማሠልጠኛ መመሪያ አይደለም፤ ትክክለኛነት አይጠየቅበትም» የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። እውነት ነው፤ የእኔም መለኪያ ትክክለኛነት አይደለም። ሱይ ሃርክ በ1991 በሠራው «ከዕለታት አንድ ቀን በቻይና» ዎንግ ፌይ ሁንግን የተጫወተው ጄት ሊ በቤጂንግ የውድድር ዉሹ ያደገ ነው፤ ዝቅ ብሎ መሬት የሚይዘው የደቡቡ ሁንግ ጋር አቋቋም በሰውነቱ ላይ ብዙም አይታይም፣ ተዋናይ የሚንጠለጠልበት የፊልም ገመድም ወደ ሰማይ ያነሳዋል። ሆኖም መጋዘን ውስጥ በመሰላሎች ላይ የሚገጥመው መምህር ዪም ድሃ፣ ጎዳና ላይ ችሎታውን እያሳየ የሚኖር፣ በስልቱ የሚኮራ ሰው ነው። ጥይት ሲጥለው የሚሰማን ኀዘን ፊልሙ ለጥበቡ ዋጋ ስለሰጠው የመጣ ነው። ስለዚህ በገመድ የተሠራ ፊልም ስልትን ሊያከብር ይችላል፤ ያለ ገመድ የተሠራም ሊያዋርድ ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። የተዋረደ ሕዝብ ጠላቱን በስክሪን ላይ የመጣል መብት የለውምን? አለው። «የቁጣ ቡጢ»ን ያየ ሰው በመናፈሻው በር ላይ ቻይናዊ እንዳይገባ ሲከለከል የነደደውን ቁጣ ሐሰት ሊለው አይችልም። ነገር ግን ፊልሙ ራሱ የሚያበቃው ቼን ዠን በተደገኑ ጠመንጃዎች ላይ ዘልሎ አየር ላይ ሲቀር፣ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ነው። የበደሉት ጠመንጃና ሥልጣን ነበሩ፤ ማሠልጠኛው ውስጥ የተደበደቡት ተማሪዎች ግን የጠመንጃው ምትክ ሆነው ቀርበዋል። ቁጣውን ወደ ትክክለኛው በዳይ መምራት ይቻል ነበር፤ ለዚህም ካራቴን ባዶ ማድረግ አያስፈልግም ነበር።

በ«የምሥራቅ ጀግኖች»ም ቢሆን ቻይናዊው ሁሉንም ያሸንፋል የሚል ቢመጣ፣ ልክ ነው፤ ፊልሙ ከአድልዎ ነጻ አይደለም። ልዩነቱ በድሉ መንገድ ላይ ነው፤ እዚህ ድል የሚገኘው የሌላውን ጥበብ በማጥናት ነው፣ ድክመቱም ጥንካሬውም ተለይቶ። የአድልዎው ጥያቄ ጨርሶ የሚወገደው ሁለቱም ወገን አንድ ጥበብ ሲጋሩ ነው። በጋሬዝ ኤቫንስ የኢንዶኔዥያ ፊልም «ዘ ሬይድ» (2011) ጀግናውን የሚጫወተው ኢኮ ኡዋይስም ተጋጣሚውን ማድ ዶግን የሚጫወተው ያያን ሩሂያንም ሲላት የተባለው የአገሩ ጥበብ ሰዎች ናቸው። ማድ ዶግ ሽጉጡን አስቀምጦ በእጁ መግጠምን ሲመርጥ፣ የሚያስፈራው ጥበቡን ከማንም በላይ ስለሚወድ ነው፤ እዚያ ላይ አገር ለአገር የሚያጋጥም ነገር ስለሌለ ካሜራው ስልቱን ብቻ እንዲመረምር ተገዷል።