«ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለሪህ»፦ ግሥ አልባው የጤና ማስታወቂያና አዛውንት አንባቢው

ለዕድሜ ባለጸጎች የሚሸጡ የጤና ምርቶች በአማርኛ ሲተዋወቁ አንድ ቅርጽ ይደጋገማል፦ «ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለሪህ»። ግሥ የለውም። የግሡ መቅረት ለሻጩ የሚሠራው ሥራ አለና የዚህ ሂስ ርእስ እርሱ ነው።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው ሁለት ቋንቋዎች በሚጎራበቱበት ስፍራ ነው። በካርቱም ምሥራቅ፣ በዓባይ ዳር ባለችው ቡሪ፣ ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈነዳ ድረስ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ከሱዳናውያን ጋር ይኖሩ ነበር። ጥቁር አዝሙድን ሱዳናዊው «ከሙን አስወድ» ይለዋል፤ በዐረብኛ «ሐበት አል-በረካ»፣ የበረከት ፍሬ፣ የሚል ስምም አለው። ተስፋው በስሙ ውስጥ ስላለ ሻጩ ቃል መጨመር አያሻውም። የአማርኛው ስም ግን የቀለምና የጓዳ ስም ነው፤ ከኮረሪማና ከነጭ አዝሙድ ጎን የሚቀመጥ። ምርቱ ወደ አማርኛ ሲሻገር ተስፋው ከስሙ ወጥቶ በ«ለ» ላይ ያርፋል።

«ለ» ደግሞ ሁለገብ ናት። በ«ለእማማ» ተጠቃሚውን፣ በ«ለራስ ምታት» ሊወገድ የሚገባውን ታመለክታለች። የቀረውን ግሥ አንባቢው ይሞላል፤ ያስታግሳል፣ ያሻሽላል፣ ያሽራል፣ ያድናል ከሚሉት አንዱን። ሕመም የሰነበተበት ሰው የቱን እንደሚመርጥ መገመት አይከብድም። (ጥብቀት በፊደል ስለማይጻፍ «ያድናል» አዳኝ አውሬ ለሚሠራውም ያገለግላል፤ አንዳንዱን ማስታወቂያ ሳነብ ይህኛው ንባብ ይቀናኛል።) «ዒላጅ» የሚለው የዐረብኛ ቃልም በመሠረቱ የማከምን ሂደት ይገልጻል። «መድኃኒት» ተብሎ ሲመለስ ግን ሥሩን ከ«ድኅነት» ጋር ይጋራል፤ መድኃኔ ዓለም የሚለው ስም የተገኘበትን ሥር።

ስኳርና የደም ግፊት በአብዛኛው በቁጥጥር ሥር የሚውሉ፣ ኪኒናቸውም ዕለት ዕለት የሚወሰድ ሕመሞች ናቸው። «ለስኳር» የሚለውን በ«ያድናል» የሞሉ እናት ኪኒናቸውን ቢያቆሙ፣ ጽሑፉ ዋሸ ለማለት የሚጠቀስ ግሥ አይገኝም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ይሁንና ያልተጻፈን ግሥ መክሰስ ቀላል አይደለም። አዝሙዱ በማር ተለውሶ ያው «ለስኳር» ሲባልበት ነገሩ ይብሳል። ማር በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ስለሚያደርግ፣ «ለ»ን በ«ለእማማ» ስልት ካነበብናት፣ ስኳሩ ራሱ ተጠቃሚ ሆኖ ማስታወቂያው እውነት ይናገራል።

ከስያሜው ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝም ሊታይ ይገባል። «ይጠቀሙ» የ«እርስዎ»ም፣ የ«እሳቸው»ም፣ የ«እነሱ»ም ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ልጅ፣ የሚውጡት እናት በሆኑበት ቤት ቅርጹ ሁለቱንም ይጠራል፤ አክብሮቱ ኃላፊነቱን ያደበዝዛል። ባለቤቱን በ«-ዎ» ለይቶ የሚያነጋግረው «ሐኪምዎን ያማክሩ» ነው፤ እርሱ ደግሞ፣ ከተጻፈ፣ ከሁሉ ባነሰ ፊደል ከግርጌ ይሰፍራል።