ሐተታው ዶሮ ማነቂያ ሲደርስ

የዘርዓ ያዕቆብን «ሐተታ» ያነሳ ሰው በቅድሚያ የሚገጥመው «ለመሆኑ ደራሲው ማነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን ለጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ለጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ከሰጠ፣ ክላውድ ሰምነርም ለኢትዮጵያዊው ደራሲ ጥብቅና ከቆመ ወዲህ ሙግቱ አልበረደም። ጥቅሙን አልክድም። ግን የአባትነቱ ክስ እስኪፈረድ የልጁን ቃል የሚሰማ መጥፋቱ ያስቆጨኛል።

እኔን የሚይዘኝ የሒሩት ነገር ነው። ዘርዓ ያዕቆብ እንፍራዝ ውስጥ የባለጸጋውን የሀብቱን ገረድ ለትዳር ይጠይቃል። ሀብቱ «ገረድህ ትሁን» ቢለው፣ ሚስት እንጂ ገረድ አልሻም፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ሲል ይመልሳል። ጓዳ ገብቶ የተፈተነ ፍልስፍና ነውና እወደዋለሁ። ሆኖም እኩልነቷ የተነገረው ለጌታዋ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ይኸው ጉድለት ታወሰኝ። ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት የመንግሥት ነው፤ የፒያሳ ሰውም ባለይዞታና የቀበሌ ቤት ተከራይ ተብሎ ተለየ። ለባለይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ፣ ለተከራዩ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ተባለ። የተነገረው እንግዲህ ወረቀት ለያዘ ነው። ደባሉስ? በረንዳ ላይ ጀበና ጥዳ ልጅ ያሳደገችውስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ኑሮው የተነካበት ሁሉ ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ምትክ ይገባዋል ይላል፤ ባለካርታ ብቻ አይልም።

የፈረሰው ሁሉ ያስለቅሳል ባይ አይደለሁም። ግድግዳው ያዘመመ፣ መጸዳጃው የብዙ አባወራ የሆነ ቤት ማንም አይናፍቅም። (ናፋቂዎቹ አብዛኞቻችን ማኪያቶ ልንጠጣ የምንሄድ ነን።)

አሜሪካዊው ጆን ሮልስ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ፣ ደንቡን የሚያወጣው ሰው የራሱን ዕጣ እንደማያውቅ ሆኖ ያስብ ይላል፤ ባለካርታ ይሁን ደባል ሳያውቅ ማለት ነው። ለክፍፍሉ ደህና መለኪያ ነው። ለሰፈሩ ግን ያጥርበታል። ዕቁቡ፣ ዕድሩ፣ የባለሱቁ የዱቤ ደብተር የቆሙት ማን ማን እንደሆነ በማወቅ ላይ ነበር። ገላን ጉራ የገባች እናት ቤቷ የተሻለ ቢሆን እንኳ፣ ወር እስኪደርስ ዘይት የሚያበድራት ከየት ታመጣለች? ያንን ደብተር የካሳ ገማቹ በየትኛው ዓምድ እንደሚሞላው ሐተታውም ሮልስም አይነግሩኝም።